ሳሎናችሁ ውስጥ ቡና የሚያፈሉ እማማ፦ በራሱ የሚወስን ዲጂታል ገጸ ባሕርይ አሠራር

"ገጸ ባሕርዩ የተቀዳለትን ከሚደጋግም፣ ሰው የሚያደርገውን አይቶ በራሱ እንዲወስን እንዴት ነው የሚደረገው?" ይህ ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ዩኒቲ (ጌምና አፕ መሥሪያ ፕሮግራም) የጀመሩ ልጆች ናቸው። በስልካቸው አንድ ሞዴል ወለል ላይ አቁመዋል። ሞዴሉ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፣ አለቀ። ታሪክ የለውም። ስልኩን የያዘውን እንግዳም አያውቀውም።

እዚህ አንድ ነገር ከሀ እስከ ፐ እንሠራለን። ሚክስድ ሪያሊቲ ስል፣ የስልካችሁ ካሜራ በሚያሳየው እውነተኛ ሳሎን ውስጥ አንድ ዲጂታል ሰው ተቀምጦ ከክፍሉም ከእናንተም ጋር ሲኖር ማለቴ ነው። የእኛ ገጸ ባሕርይ እማማ ናቸው። ረከቦታቸውን ዘርግተው ቡና ያፈላሉ። ታሪኩ ሦስት ዙር አለው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ረከቦቱ ላይ አንዲት ትርፍ ሲኒ አለች። የማን እንደሆነች የሚታወቀው እንግዳው ነክቶ ከጠየቀ ነው፤ ለእሱ የሚቀዳባት ግን እማማ ካመኑት ነው።

"በራሱ የሚወስን" ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ቻትቦት ይመስለዋል። አይደለም። ገጸ ባሕርዩ የሚያይበት ዓይን፣ የሚፈልገው ነገር፣ ከሚችላቸው ጥቂት ድርጊቶች አንዱን የሚመርጥበት ደንብ ካለው ይበቃዋል። ይህ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ አንድሮይድ ስልክ ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒውተር። 16 ጊጋባይት ራም ቢኖረው ይመረጣል። 8 ያለውም ይሠራል፣ ግን ያዘገያችኋል። 30 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ይኑረው።
- ዩኒቲ 2022 ኤልቲኤስ ከአንድሮይድ ሞጁሉ ጋር። ፐርሰናል የሚባለው ፈቃድ ነፃ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ሜኑዎች የዚህ እትም ናቸው።
- ኤአር ፋውንዴሽን 5 እና ጉግል ኤአርኮር የሚባሉት ፓኬጆች (አፑ በካሜራው ክፍሉን እንዲያይ የሚያደርጉ የዩኒቲ ተጨማሪዎች)።
- ኤአርኮር የሚቀበል ስልክ፣ አንድሮይድ 7.0 ወይም ከዚያ በላይ። ስልኩ አዲስ ስለሆነ ብቻ ይቀበላል ማለት አይደለም። ስልክ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ጉግል ያወጣውን ዝርዝር ተመልከቱ።
- ዳታ የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ገመድ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው ገመድ ሙሉ ቀን ያባክንባችኋል።
- ብሌንደር (ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም) እና የሚክሳሞ (ለሞዴል እንቅስቃሴ የሚሰጥ ድረ ገጽ) አካውንት። ሁለቱም ነፃ ናቸው።
- 12 ባዶ ካርድና እርሳስ።
- ጥለት ያለው ምንጣፍ ወይም አንድ እቅፍ ቄጠማ።
- ድምፃቸውን የሚያውሱ እናት፣ አክስት ወይም ጎረቤት።

አይፎን ያላችሁም በኤአርኪት (የኤአርኮር አምሳያ በሆነው የአፕል መሣሪያ) ይሆንላችኋል። አፑን ስልኩ ላይ ለመጫን ግን ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋችኋል።

1. ታሪኩን ካርድ ላይ ጻፉ

ኮምፒውተሩን ገና አትክፈቱ። ለየዙሩ አራት አራት ካርድ ውሰዱ። በአንድ ካርድ ላይ አራት መስመር ይጻፍ፦ ካርዱ መቼ ይወጣል፣ እማማ ምን ያደርጋሉ ወይም ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ ምን ይለወጣል፣ እንግዳው ዝም ቢልስ።

የእኔን አንዱን ካርድ ላሳያችሁ።

መቼ፦ ቶና ላይ፣ እንግዳው ቁጭ ብሎ፣ ትርፏን ሲኒ ከነካ።
ምን፦ እማማ ጀበናውን ማቶቱ ላይ ያሳርፋሉ። ሲኒዋን ያነሷታል። "ይቺ የልጄ ናት፤ ከሄደች ወዲህ ሳላጥባት ቀርቼ አላውቅም" ይላሉ።
ለውጥ፦ "ሲኒዋ የማን እንደሆነች ተነግሯል" የሚለው ይመዘገባል።
ዝም ካለ፦ ሲኒዋን ወደ ቦታዋ መልሰው ከሰሉን ያራግባሉ።

አራተኛዋን መስመር እንዳትዘሏት። እንግዳው መጀመሪያ ላይ ምንም አያደርግም። ስልኩን ይዞ ፈዞ ይቆማል። ለዝምታ የተጻፈ ነገር ከሌለ እማማም አብረው ይፈዛሉ፣ ታሪኩም እዚያው ይሞታል።

2. በሰው አጫውቱት

አንዱ ጓደኛችሁ እማማን ይሁን። ካርዶቹን ይያዝ። ሌላው ታሪኩን ሳያውቅ ባዶ ስልክ ይዞ እንግዳ ሆኖ ይግባ። እናንተ ጥግ ይዛችሁ እንግዳው የሚያደርገውን ብቻ ጻፉ።

ይህ ግማሽ ሰዓት የሁለት ሳምንት ሥራ ያድናል። እኔ መጀመሪያ ስሠራው እንግዳው ቁጭ እንደሚል አምኜ ነበር ካርዶቹን የጻፍኩት። አንድም ሰው አልተቀመጠም። ሁሉም ቆመው ረከቦቱን እየዞሩ አዩ። እማማን ሆና የምትጫወተው ጓደኛዬ ሳይነገራት ከሰሉን ትታ "ኧረ ቁጭ በል፣ ቆሞ ቡና አይጠጣም!" አለች። የታሪኩ ምርጥ መስመር እሱ ሆነ። ከኮዱ አንድ መስመር እንኳ ሳይጻፍ።

3. ስልኩ ወለሉን እንዲያይ አድርጉ

አዲስ ፕሮጀክት በዩአርፒ (የዩኒቲ ምስል ማሳያ ዘዴ) ቴምፕሌት ክፈቱ። ሁለቱን ፓኬጆች ከፓኬጅ ማናጀር ጫኑ። ኤክስአር ፕለግ-ኢን ማኔጅመንት ውስጥ አንድሮይድ ላይ ኤአርኮርን ምረጡ። ሲኑ (ነገሮቹ የሚቀመጡበት መድረክ) ላይ ኤአር ሴሽንና ኤክስአር ኦሪጅን ጨምሩ። ኤክስአር ኦሪጅኑ ላይ ኤአር ፕሌን ማናጀር፣ ኤአር ሬይካስት ማናጀር እና ኤአር አንከር ማናጀር ለጥፉ። ፕሌን ማናጀሩ ወለልን ይፈልጋል። ሬይካስት ማናጀሩ እንግዳው የነካውን ቦታ ይነግራችኋል። አንከሩ ረከቦቱን ከዚያ ቦታ ላይ ይቸነክረዋል።

ፕሌየር ሴቲንግስ ውስጥ አራት ነገር አስተካክሉ፦ ዝቅተኛው ኤፒአይ 24፣ ስክሪፕቲንግ ባክኤንድ አይኤል2ሲፒፒ፣ ኤአርኤም64 ይመረጥ፣ ከግራፊክስ ኤፒአይ ዝርዝር ቩልካን ይውጣ። በዚህ እትም ኤአርኮር ከቩልካን ጋር አይሠራም።

*ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስህተት፦* አፑ ይከፈታል፣ ግን ካሜራው ጥቁር ነው። የዩአርፒ ሬንደረር ፋይላችሁን ክፈቱና ኤአር ባክግራውንድ ሬንደረር ፊቸር የሚባለውን ጨምሩ። በጥቁር ስክሪን ምክንያት ከሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ የረሱት ይህን ነው።

አሁን ወደ ቄጠማው። ስልኩ ወለልን የሚለየው በላዩ ላይ የሚያገኛቸውን ልዩ ልዩ ነጥቦች ከፍሬም ፍሬም (ካሜራው ከሚያነሣው አንድ ምስል ወደ ሌላው) እየተከታተለ ነው። የሚያብለጨልጭ ነጭ ሴራሚክ ላይ የሚይዘው ነጥብ የለም። ወለሉን ጭራሽ አያገኘውም፣ ወይም እማማ ቀስ እያሉ ወደ ግድግዳው ይንሸራተታሉ። ጥለት ያለው ምንጣፍ ወይም የተጎዘጎዘ ቄጠማ ግን ነጥብ በነጥብ ነው። ለቡናው ወግ ብላችሁ የምትጎዘጉዙት ለስልኩም ዓይን ይሆነዋል። መብራቱም ደህና ይሁን። በሻማ ብርሃን አይሠራም።

እንግዳው ወለሉን ሲነካ ረከቦቱ እዚያ ይቀመጥ። ከማስቀመጣችሁ በፊት ግን ወለሉ ቢያንስ 1.5 በ1.5 ሜትር ያህል መገኘቱን፣ ቦታውም ከእንግዳው ከ1.5 እስከ 2.5 ሜትር መራቁን አረጋግጡ። ከዚያ ቢቀርብ እማማ ስክሪኑን ይሞሉታል። ቢርቅ ፊታቸው አይታይም።

4. እማማን አምጡ

የሰው ሞዴል በብሌንደር ሠርታችሁ ወይም ፈቃዱ የሚፈቅደውን ነፃ ሞዴል አልብሳችሁ ወደ ሚክሳሞ ጫኑት። ሚክሳሞ አጥንቱን ራሱ ያስገባል። መቀመጥ፣ መነሣት፣ መራመድ፣ ዞር ብሎ ማየት የሚሉትን አኒሜሽኖች ከዚያው ታገኛላችሁ። ጀበና መቅዳትና ከሰል ማራገብ ግን የሉም። እነዚህን ሁለቱን ብሌንደር ላይ በእጃችሁ ሥሯቸው። ሌላው ሁሉ ተራ ቢሆን እንኳ የአቀዳዱ እጅ መታመን አለበት። አበሻ ሁሉ ያውቀዋላ። ጀበናው ከፍ ብሎ፣ ቀጭን አድርጎ፣ ከሲኒ ሲኒ ሳይቋረጥ ነው የሚቀዳው። እናታችሁ ስትቀዳ ከጎን በቪዲዮ አንሡና ፍሬም በፍሬም ተከተሉት።

መራመዱን ከሚክሳሞ ስታወርዱ "ኢን ፕሌስ" የሚለውን ምረጡ። ካልመረጣችሁ አኒሜሽኑም ይገፋቸዋል፣ ኮዱም ይገፋቸዋል። እማማ በረዶ ላይ እንዳለ ሰው ይንሸራተታሉ።

ጀበናውን በፎቶ ስካን ልታደርጉት ካሰባችሁ፣ ጥቁርና አብረቅራቂ ነገር ለስካን አስቸጋሪ ነው። ትንሽ ዱቄት ነስንሱበት፣ ዙሪያውን ከ40 እስከ 60 ፎቶ አንሡ፣ ከለሩን በኋላ መልሱት።

ሞዴሉ ከ30,000 ትሪያንግል (ገጹ ከተሠራባቸው ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች) አይለፍ። ነጠላዋን በጨርቅ ሲሙሌሽን አትሥሯት። ስልኩ ይግላል፣ ከዚያ ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሁሉም ነገር መንተባተብ ይጀምራል። ከትከሻ አጥንት ጋር እሰሯት።

5. ዓይንና ጆሮ ስጧቸው

የምስራች ልንገራችሁ። እንግዳውን ለማየት ምንም አዲስ ዕቃ አያስፈልግም። ስልኩ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ ኤአርኮር በየፍሬሙ ይነግራችኋል። ስልኩ ደግሞ እንግዳው እጅ ላይ ነው። ከዚህ አንድ መረጃ ብቻ ይህን ሁሉ ማወቅ ይቻላል፦

ርቀት። በካሜራውና በእማማ መካከል ያለው ነው። ከ1.2 ሜትር በታች "ቅርብ"፣ ከ4 በላይ "ሄዷል" በሉት።

እይታ። የካሜራው አቅጣጫና ከካሜራው ወደ እማማ የሚወስደው አቅጣጫ በዶት ፕሮዳክት (ሁለት አቅጣጫዎች ምን ያህል እንደሚገጥሙ በሚለካ ስሌት) ይባዙ። ውጤቱ ከ0.9 ከበለጠ እንግዳው እያያቸው ነው። ይህ ወደ 26 ዲግሪ ያህል ነው። ከዜሮ በታች ከሆነ ጀርባውን ሰጥቷል።

ከፍታ። ይቺን በጣም እወዳታለሁ። ስልኩ ከወለሉ ያለውን ከፍታ አፑ ሲጀምር መዝግቡ። በኋላ በ35 ሴንቲ ሜትር ከወረደ እንግዳው ተቀምጧል። በአንድ ቁጥር ብቻ እማማ እንግዳው መቆም አለመቆሙን አወቁ ማለት ነው።

መንካት። ሲኒው፣ ጀበናው፣ ፈንዲሻው ላይ ኮላይደር (ንክኪ የሚቀበል የማይታይ ቅርጽ) አድርጉ። ስክሪኑ ላይ ሲነካ የትኛው እንደተነካ መዝግቡ።

ድምፅ። ከማይክሮፎኑ የድምፁን ጉልበት ብቻ ውሰዱ። እንግዳው እያወራ ነው ወይስ ዝም ብሏል? ለዚህ ታሪክ ይህ ይበቃል። ቃሉን መለየት አያስፈልግም።

*ማስጠንቀቂያ፦* ካሜራና ማይክሮፎን እንደምትጠቀሙ አፑ ሲከፈት በግልጽ ንገሩ። የተቀዳውን አታስቀምጡ፣ የትም አትላኩ። የሰው ሳሎን ነው።

6. ፍላጎት ስጧቸው

እማማ ሰው የሚሆኑት እዚህ ነው። ሦስት ፍላጎት ስጧቸው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ቁጥር ነው።

ቡና፦ ዙሩን የማድረስ ፍላጎት። ጊዜ በሄደ ቁጥር ይጨምራል፣ ሲቀዱ ይወርዳል።
ጨዋታ፦ እንግዳው ዞር ሲል ወይም ዝምታው ሲረዝም ይጨምራል፣ አንድ ነገር ሲናገሩ ይወርዳል።
ማስተናገድ፦ እንግዳው እስከቆመ ድረስ ይጨምራል፣ ሲቀመጥ ወይም ፈንዲሻውን ሲነካ ይወርዳል።

በየግማሽ ሴኮንዱ ሦስቱን አወዳድሩ። ከፍ ያለው የሚያዘውን ያድርጉ። በየፍሬሙ ማወዳደር አያስፈልግም። ስልኩን ያደክማል፣ ሰውም በዚያ ፍጥነት አይወስንም።

በቁጥር እንየው። ቶና ላይ ነን። ምሳሌው እንዲቀል ቡና 60 ላይ ቆሟል እንበል፣ ጨዋታ 40። እማማ ጀበናውን ይዘዋል። እንግዳዋ መስኮት ለማየት ዞረች። ጨዋታ በሴኮንድ በ2 መጨመር ጀመረ። ከ10 ሴኮንድ በኋላ 60 ደረሰ፣ እኩል ሆኑ። እማማ ግን ገና አይተዉም። 15ኛው ሴኮንድ ላይ ጨዋታ 70 ሲደርስ ጀበናውን አሳርፈው ቀና አሉና "ወዴት ነው ልጄ? ቶናው ሳይጠጣ ይኬዳል እንዴ?" አሉ። ጨዋታ ወደ 20 ወረደ። እንግዳዋ ዞረች። እማማ ጀበናቸውን አነሡ።

እኩል ሲሆኑ ለምን አልተዉም? አዲሱ ፍላጎት የያዙትን በ10 ካልበለጠው እንዳይለውጡ ደንብ ስላስቀመጥን ነው። ሌላም ደንብ አለ፦ የጀመሩትን ድርጊት ቢያንስ 3 ሴኮንድ ይቆዩበት። እነዚህ ሁለት ደንቦች ከሌሉ ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ እማማ ጀበናውን ማንሣት ማስቀመጥ፣ ማንሣት ማስቀመጥ ይሆናል ሥራቸው። ከሚላክልኝ ቪዲዮ ግማሹ ይህ ዥዋዥዌ ነው። የዥዋዥዌው መድኃኒት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

ከፍላጎቶቹ ሌላ "እምነት" የሚባል አንድ ቁጥር ያዙ። 30 ላይ ይጀምር። እንግዳው ሲባል ከተቀመጠ 10 ጨምሩ። እማማ ሲናገሩ ዓይኑን ካልነቀለ በየንግግሩ 5 ጨምሩ። መሀል ላይ ትቶ ከሄደ 10 ቀንሱ። እምነቱን ስክሪኑ ላይ በጭራሽ አታሳዩ። ካሳያችሁ እንግዳው እማማን ትቶ ቁጥሩን ማሳደግ ይጀምራል።

7. ካርዶቹን የሚመራ አድርጉ

ፍላጎት ብቻውን ታሪክ አይሆንም። እማማ ሙሉ ቀን ሲያራግቡና ሲጣሩ ሊውሉ ይችላሉ። ስለዚህ ካርዶቹን የሚይዝ ሌላ ስክሪፕት ጻፉ። ሥራው ቀላል ነው፦ በዚህ ዙር ካሉት፣ ገና ካልወጡትና "መቼ" የሚለው መስመራቸው ከተሟላ ካርዶች መካከል አንዱን ማውጣት። ብዙ ሁኔታ የሚጠይቀውን ካርድ ያስቀድም። ለምሳሌ "ቁጭ ብሎ ሲኒዋን ከነካ" የሚለው "ቁጭ ካለ" ከሚለው ይቅደም። እንግዳው ያደረገውን በዝርዝር ያየ ካርድ ሲወጣ ነው ሰው "አዩኝ!" የሚለው።

ዙሩ የሚያልቀው ሁለት ካርድ ከወጣ በኋላ ቡና 80 ሲያልፍ ወይም 2.5 ደቂቃ ሲሞላ ነው። ሦስቱ ዙር ቢበዛ ወደ 8 ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ስልክ ዘርግቶ መያዝ ክንድ ያደክማል።

ካርዱና ፍላጎቱ ይጣላሉ። እማማ ስለ ልጃቸው እየተናገሩ ሳለ እንግዳው ቢነሣ "ቁጭ በል" ይላሉ ወይስ ይጨርሳሉ? ደንቡ ይህ ይሁን፦ ዐረፍተ ነገሩ ይለቅ፣ ከዚያ ፍላጎቱ ይግባ። ቃል መሀል ላይ የተቆረጠ ድምፅ ገጸ ባሕርዩን ወዲያው ማሽን ያደርገዋል።

ምንም ካርድ ካልተገኘስ? ከሰሉን ያራግቡ። ይህ መውጫ ሁሌም ይኑር።

በረካ ላይ ሦስት መጨረሻ አለ። እንግዳው ሲኒዋን በመንካት ጠይቆ እምነት 60 ከደረሰ፣ በረካውን በዚያችው ሲኒ ቀድተው ይሰጡታል። ጠይቆ እምነቱ ካልደረሰ "ሌላ ቀን እናወራለን" ብለው በጨርቅ ይጠቀልሏታል። ካልጠየቀ አጥበው ቦታዋ ይመልሷታል፣ ምንም አይሉም። ሦስተኛው ፍጻሜ ባዶ እንዳይመስላችሁ። ያየው ሰው ተመልሶ ይገባና ሲኒዋን ይነካል።

8. ንግግሩን ቅዱ

እዚህ ጋ የእኛ ቋንቋ የራሱ ጣጣ አለው። የእንግሊዝኛ መመሪያ አይነግራችሁም፣ ስለዚህ ልብ በሉ። እማማ እንግዳውን "ና" ይበሉ፣ "ነይ" ወይስ "ይምጡ"? ሴቷን "ና" ካሏት፣ ወይም የ60 ዓመት ሰው "ነይ" ከተባሉ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ቃል ገደል ይገባል።

መጀመሪያ ላይ ሦስት ቁልፍ አስቀምጡ፦ "ና በሉኝ"፣ "ነይ በሉኝ"፣ "ይምጡ በሉኝ"። ዕድሜና ጾታ ብሎ ፎርም ከማስሞላት ይህ ይሻላል። እንግዳው ራሱ መርጧል።

ከዚያ የሚቀዳውን አሳንሱ። 36 ዐረፍተ ነገር አለን እንበል። ከነሱ 16ቱ እንግዳውን በቀጥታ የሚጠሩ ከሆኑ፣ 20 ሲደመር 48፣ በጠቅላላው 68 ፋይል ነው። ሁሉንም ሦስት ሦስቴ ብትቀዱ 108 ይሆን ነበር። አማርኛ ደግሞ መውጫ ሰጥቶናል። "ቁጭ በል፣ ቁጭ በዪ፣ ቁጭ ይበሉ" ከማለት "ቆሞ ቡና አይጠጣም!" ቢሉ ለሦስቱም ይሆናል። "ትሄዳለህ እንዴ" በሚለው ፈንታ "ይኬዳል እንዴ"። እማማዎች እንደዚህ ነው የሚናገሩት፣ ስለዚህ ሥራ መቀነሱ ብቻ አይደለም፣ ጣዕሙም ይጨምራል። "ልጄ" የሚለውን ግን "ይምጡ" ላሉት አውጡት።

ስትቀዱ ለምትቀዷቸው እናት ወረቀት ሰጥታችሁ አንብቡልኝ አትበሉ። ድምፃቸው የዜና አንባቢ ይሆናል። ካርዱን አስረዷቸውና በራሳቸው አባባል ይበሉት። ከቡና ጋር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ስልኩን አንድ ጋቢ ስር አድርጋችሁ ቅዱ፣ የክፍሉን ማስተጋባት ጋቢው ይውጠዋል። የፋይሉ ስም በላቲን ፊደል ይሁን፣ አንዳንድ መሣሪያ ግዕዝ ፊደል ያለበትን ስም ያበላሻል። ዩኒቲ ውስጥ የድምፁን ስፓሻል ብሌንድ 1 አድርጉ። ያኔ እንግዳው ሲዞር ድምፁም የሚመጣበትን ጎን ይለውጣል።

ጽሑፍ የምታሳዩ ከሆነ የቴክስትመሽ ፕሮ (የዩኒቲ ጽሑፍ ማሳያ) መደበኛ ፎንት ፊደላችንን አያውቅም። ባዶ ሳጥን ያሳያችኋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርዱ። ፎንት አሴት ክሪኤተር ውስጥ ከስተም ሬንጅ መርጣችሁ 32-126 እና 4608-4991 ጻፉ። የመጀመሪያው ባዶ ቦታንና ቁጥሮችን፣ ሁለተኛው ከ"ሀ" ጀምሮ ፊደሎቻችንንና አራት ነጥብን ይይዛል። አትላሱ (ፊደሎቹ የሚሰፍሩበት ምስል) 2048 በ2048 ይበቃዋል።

9. ክፍሉ ውስጥ አስቀምጧቸው

ጥላ ከሌለ እማማ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ቀላሉ ዘዴ ጠርዙ የደበዘዘ ጥቁር ክብ ከሥራቸውና ከረከቦቱ ሥር ማንጠፍ ነው። ኤአር ካሜራ ማናጀር ላይ ላይት ኤስቲሜሽን ክፈቱ፣ የሚለካውን የክፍሉን ብርሃን በኮድ ወደ ሲኑ መብራት አስተላልፉ፤ ያኔ ሳሎኑ ሲጨልም እማማም ይጨልማሉ።

አኒሜተሩ (እንቅስቃሴያቸውን የሚያጫውተው ክፍል) ላይ አይኬ ፓስ ምረጡና ጭንቅላታቸው ወደ ካሜራው እንዲዞር አድርጉ። ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ይዩት፣ ከዚያ ወደ ቡናቸው ይመለሱ። ዓይኑን የማይነቅል ሰው ያስፈራል። ከትከሻቸው ከ70 ዲግሪ በላይም አይዙር።

ስልኩ ሶፋና ጠረጴዛችሁን አያውቅም። እማማን ሳሎኑን ሁሉ ካዞራችኋቸው ሶፋ ሰንጥቀው ያልፋሉ። ሦስት ቦታ ብቻ ስጧቸው፦ ረከቦቱ ጋ፣ ከረከቦቱ ግራ አንድ እርምጃ፣ ወደ እንግዳው አንድ እርምጃ። ሦስቱም ስልኩ ባገኘው ወለል ውስጥ መሆናቸውን አስቀድማችሁ ፈትሹ። ስልካችሁ ዴፕዝ (የነገሮችን ርቀት መለካት) የሚደግፍ ከሆነ ኤአር ኦክሉዥን ማናጀር ካሜራው ላይ ጨምሩ። ያኔ ሰው በፊታቸው ሲያልፍ ይጋርዳቸዋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* እንግዳው ስክሪኑን እያየ ወደ ኋላ ይራመዳል። በሚያልፍበት የከሰል ምድጃ፣ የፈላ ጀበና፣ ደረጃ ወይም የሚድህ ሕፃን አይኑር። እውነተኛ ቡና እየፈላ ባለበት ክፍል አትሞክሩት።

10. ቻት ሞዴል መጨመር ለምትፈልጉ

እስከ 9 ያለው ሳይሠራ ወደዚህ አትምጡ። ሲሠራ፣ ሞዴሉ እማማን እንዲመራ አታድርጉት። እንግዳው ያለውን ሰምቶ ካሉት ካርዶች አንዱን ብቻ ይምረጥ። ያለዚያ እማማ ስለ እግር ኳስ ትንተና ሊሰጡ ይችላሉ። መልሱ በ2 ሴኮንድ ካልመጣ ካርድ መሪው ራሱ ይምረጥ። ኔትወርክ ይቆራረጣል። የእኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 አንዱ ሆሄ 3 ባይት ነው፣ ብዙ ሞዴሎችም ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ይከታትፉታል። ስለዚህ ይዘገያል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ቻት ሞዴሉን ለመጠቀም የሚሰጣችሁን ሚስጥራዊ ቁልፍ አፑ ውስጥ አትክተቱት። አፑን ፈትቶ የሚያወጣው አይጠፋም። በራሳችሁ ሰርቨር በኩል ይለፍ።

11. በሰው ሞክሩት

ለዕለት ሥራ ኤአር ፋውንዴሽን ውስጥ ያለው ኤክስአር ሲሙሌሽን ይበቃል። ስልክ ሳትሰኩ ኮምፒውተሩ ላይ ትሞክራላችሁ። መጨረሻ ላይ ግን ጨዋታውን የማያውቁ አምስት ሰዎች ጥሩ፣ ቢቻል አንዷ ቡና አፍልታ ያረጀች እናት ትሁን። ስልኩን ስጧቸውና ዝም በሉ። "እሷን ንኪያት" እንዳትሉ። የትኛው ካርድ በስንተኛው ሴኮንድ እንደወጣ አፑ በፋይል ይመዝግብ።

ከዚያ ፋይሉን ክፈቱ። በአምስቱም ያልወጣ ካርድ ካለ "መቼ" የሚለው መስመሩ ከብዷል፣ አንድ ሁኔታ ቀንሱለት። በአምስቱም የወጣ ካርድ ካለ እማማ ሳይወስኑ ነው ያወጡት፣ አንድ ሁኔታ ጨምሩበት። ትርፏን ሲኒ ማንም ካልነካ ቁጥር አትነካኩ። እማማ አቦሉን ሲቀዱ እሷ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ለአንድ ሴኮንድ ቆም ይበል፣ ይለፏት፣ ከዚያ ቀጣዩን ይቅዱ። እንደገና ሞክሩ።